ጠላፊዋና የተጠለፈው

[ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የትራስ ልብስ ላይ አበባ ትጠልፋለች፤ ወንድሟም ደንበኛዋም ጎረቤቱም «እታለም» ነው የሚላት። ታናሽ ወንድሟ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የማያውቀው ነገር ስለሌለ፣ ማለትም እሱ እንደዚያ ስለሚል፣ ሰፈሩ «ሊቁ» ብሎታል። አሁን ወንበር ላይ ቆሞ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር እያሳየ ይጮኻል።]

ሊቁ፦ አጥፊው አልኩሽ!

እታለም፦ አላጠፋውም አልኩህ!

ሊቁ፦ እታለም፣ የስልክ የምስጢር ቁጥር ግድግዳ ላይ ይጻፋል?

እታለም፦ ታዲያ የት ልጻፈው? ግንባሬ ላይ?

ሊቁ፦ ጭንቅላትሽ ውስጥ!

እታለም፦ እኔ ጭንቅላት ውስጥ የገባ ቁጥር መውጫው ይጠፋዋል። ባለፈው ወር ቀይሪው አልከኝ፣ ቀየርኩት። በማግስቱ ረሳሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬ እንደተኮሳተረ ጎረቤት ፊቱን ዘግቶብኝ ከረመ።

ሊቁ፦ አንድ ደንበኛ ገብቶ ቢያየውስ?

እታለም፦ ይየው! እዚህ ግድግዳ ላይ ስንት ቁጥር አለ? ይሄ የዳቦ ቤቷ ወገብ ነው። ይሄ የመምህሩ ትከሻ። ይሄ የፖስተኛው ቁመት። የኔን ያየ ሰው የአንዷ ምስኪን ዳሌ ነው ብሎ ያልፋል።

ሊቁ፦ አራት አኃዝ ያለው ዳሌ የት ነው ያየሽው?

እታለም፦ ለዚያ እኮ ነው በሁለት መስመር የጻፍኩት። ላይኛው ወገብ፣ ታችኛው ዳሌ።

ሊቁ፦ ቢሆንም! ሕግ ሕግ ነው። [ከወንበሩ ይወርዳል] ዛሬ ሥራዬን ትቼ የመጣሁት ለዚሁ ነው። ትናንት እማዬ ደውላ «እህትህ የዋህ ናት፤ የስልክ አታላይ ሳይበላት ሂድና አስተምራት» ብላኛለች።

እታለም፦ ለእኔም ደውላለች። «ወንድምሽ ሊመጣ ነው፣ ሆዱን ሳይሞላው እንዳትለቂው» ነው ያለችው። በላህ?

ሊቁ፦ ትምህርቱ ይቅደም! አንደኛ። በዚህ ዘመን ከሰው ሁሉ የሚፈራው ማን ነው? ጠላፊ!

እታለም፦ [መርፌዋን አየር ላይ አቁማ] ማን?

ሊቁ፦ ጠላፊ! ጠላፊ ማለት ክፉ ፍጥረት ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ቀኑን ሙሉ ሲጠልፍ ይውላል።

እታለም፦ ወገቡን ያመዋላ።

ሊቁ፦ ይመመው! የሰው ነገር እኮ ነው የሚጠልፈው!

እታለም፦ የሰው ካልጠለፈ በምን ይኖራል? የራሱን ሲጠልፍ ሊውል ነው?

ሊቁ፦ ደግሞ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ!

እታለም፦ እሱስ ነውር ነው፤ አልሸሽግህም፣ እኔም አንዴ ሠርቼዋለሁ። የአንዷ ኮሌታ ጭር ቢልብኝ ሳላስፈቅድ ጽጌረዳ ጠለፍኩበት። ተቆጣች። ፈትቼ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩላት።

ሊቁ፦ እታለም! የጨርቅ ጠላፊ አላልኩም! የስልክ ጠላፊ!

እታለም፦ ስልክ? በምን መርፌ?

ሊቁ፦ [ራሱን ይይዛል] ሌባ! ሌባ ነው የምልሽ! በስልክ የሚገባ ሌባ!

እታለም፦ እና መጀመሪያውኑ ሌባ አትለውም? ምን አድርጌህ ነው በሙያዬ የምትሰድበኝ?

ሊቁ፦ እሺ፣ ሌባ። ሁለተኛ። የማታውቂው ሰው ሊንክ ቢልክልሽ ምን ታደርጊያለሽ?

እታለም፦ ግድግዳው ላይ እጽፈዋለሁ።

ሊቁ፦ ምን?

እታለም፦ ካልጻፍኩት ይጠፋብኛላ።

ሊቁ፦ ፈጽሞ! የማታውቂው ሰው የላከውን እንዳትነኪ!

እታለም፦ እንዴት ብዬ? ግማሹ ደንበኛዬ ልኩን በስልክ ነው የሚልከው። ባለፈው አንድ የማላውቀው ሰውዬ የሚስቱን ልክ ላከልኝ። ቀሚሱ ሲያልቅ እጅ በአፍ ያስጭናል! ሴትየዋ ለብሳው መጥታ አቅፋ ሳመችኝ።

ሊቁ፦ ልክ አይደለም፣ ሊንክ! ሊ–ን–ክ! ሰማያዊ ጽሑፍ ነው፣ ከሥሩ ይሰመርበታል። ስትጫኚው ሌላ ቦታ ይወስድሻል።

እታለም፦ አሃ፣ እሱን ነው እንዴ? «እንኳን ደስ አለዎት፣ መኪና ወጥቶልዎታል» የሚለውን?

ሊቁ፦ [በድንጋጤ] መጥቶልሻል? ምን አደረግሽ?

እታለም፦ «መንዳት አልችልም፣ ለሚችል ስጡት» ብዬ መለስኩላቸው።

ሊቁ፦ መለስሽላቸው?

እታለም፦ ሰው መኪና ሲሰጥህ ዝም ትለዋለህ እንዴ? አሳዳጊ የበደለኝ አደረግከኝ።

ሊቁ፦ አይመለስላቸውም! መልስ ካገኙ የሚበላ ሰው እንዳለ ያውቃሉ። አሁን እኔን መልሺልኝ፤ ዕጣ ቆርጠሽ ነበር?

እታለም፦ የለም።

ሊቁ፦ ያልቆረጥሽው ዕጣ እንዴት ይወጣልሻል?

እታለም፦ እኔም እሱኑ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ።

ሊቁ፦ በዕድል ነው የተረፍሽው፣ በዕድል! ሦስተኛ፣ ዋናው። ቁልፍሽን ለማንም አትስጪ። ለወንድምም ቢሆን!

እታለም፦ [የቁልፍ ጣሳዋን አንሥታ ታንቀጫቅጨዋለች] ይሄን ሁሉ? ሸሚዙ ሁሉ ደረቱን ከፍቶ ሊሄድ ነው?

ሊቁ፦ ወይ ፈጣሪዬ! የሸሚዝ ቁልፍ አላልኩም! የምስጢር ቁጥር፣ የይለፍ ቃል፣ በአጭር መልእክት የሚላክልሽ ኮድ፣ ይሄ ሁሉ የቤትሽ ቁልፍ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢል፣ ከስልክ ድርጅቱ ነኝ ቢል፣ ትልቅ ባለሥልጣን ነኝ ቢል፣ አትሰጪም!

እታለም፦ በጣም ቢለምነኝስ?

ሊቁ፦ አትሰጪም!

እታለም፦ በጣም ጥሩ ሰው ቢሆንስ?

ሊቁ፦ ጥሩ ሰው የሰው ቁልፍ አይጠይቅም! ይቺን ብቻ ከያዝሽልኝ ዛሬ ደክሜ አልቀረሁም።

እታለም፦ ይዣታለሁ። ጥሩ ሰው የሰው ቁልፍ አይጠይቅም። ደህና ነገር ነው የተናገርከው፤ እውነቴን ነው።

[የሊቁ ስልክ ያቃጭላል። ያነባል። ደረቱ ቀስ እያለ ይነፋል።]

ሊቁ፦ በመጨረሻ ሰው አወቀኝ! ስሚ፦ «የተከበሩ ደንበኛችን፣ በንቃትዎና በዕውቀትዎ ከብዙ ሺህ ሰዎች መካከል ስለተመረጡ የደኅንነት አማካሪነት ምልክት ሊሰጥዎ ነው። ባለሙያችን አሁን ይደውልልዎታል።»

እታለም፦ ማነው የመረጠህ?

ሊቁ፦ ድርጅቱ ነዋ! የመልእክት መላላኪያው ባለቤቶች። ከስሜ ጎን ሰማያዊ ምልክት ይደረግልኛል። ሰው ሁሉ ስሜን ሲያይ «አዋቂ ነው» ይላል።

እታለም፦ ተመዝግበህ ነበር?

ሊቁ፦ ለምን እመዘገባለሁ? ዕውቀት እንደ ሽቶ ነው፤ ኪስህ ውስጥ ብትደብቀውም ይሸታል።

እታለም፦ [ክሩን በጥርሷ በጥሳ] ያልተቆረጠ ዕጣ አይወጣም አላልክም?

ሊቁ፦ ይሄ ዕጣ አይደለም፤ ሹመት ነው!

[ስልኩ ይጠራል። ሊቁ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ያነሣል።]

ሊቁ፦ ሃሎ! አዎን ጌታዬ፣ ራሴ ነኝ። ኧረ አመሰግናለሁ። ኧረ አጋነኑት! እንዲያውም አሁን ቤተሰቤን በዚሁ ጉዳይ እያስተማርኩ ነበር። ምን አሉኝ? ስድስት አኃዝ? አዎን፣ አሁን ገባልኝ።

እታለም፦ ምንድን ነው የገባልህ?

ሊቁ፦ [ስልኩን በእጁ ሸፍኖ] ዝም በይ እንጂ፣ ትልቅ ሰው እያናገርኩ ነው!

እታለም፦ [ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ] ከቁጥሩ ሥር ደግሞ ጽሑፍ አለ። መነጽሬን አላደረግኩም፣ ምን ይላል?

ሊቁ፦ «ለማንም አይስጡ» ይላል።

እታለም፦ እና?

ሊቁ፦ እሱ ለተራው ሰው ነው! እኔ አማካሪ ነኝ። [ወደ ስልኩ] ይቅርታ ጌታዬ፣ እህቴ ናት፤ ነገር ሲገባት ትንሽ ዘገም ትላለች። ይጻፉ፤ አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት...

እታለም፦ አንተ ልጅ፣ ምን እያደረግክ ነው?

ሊቁ፦ ...ሁለት፣ አንድ፣ ዘጠኝ። አዎን። ክብረት ይስጥልኝ! [ይዘጋል] አለቀ!

እታለም፦ አሁን ቁልፍህን ሰጠኸው ማለት አይደለም?

ሊቁ፦ ይሄ ማረጋገጫ ነው። በቁልፍና በማረጋገጫ መካከል ያለውን ልዩነት ላንቺ ለማስረዳት የስድስት ወር ኮርስ ያስፈልገኛል።

[ስልኩን ይነካካል። ግንባሩ ይኮሳተራል።]

ሊቁ፦ አስወጣኝ።

እታለም፦ ከየት?

ሊቁ፦ ከመልእክቴ። «እንደገና ይግቡ» ይለኛል።

እታለም፦ ከራስህ ስልክ ተባረርክ?

ሊቁ፦ አልተባረርኩም! ምልክቱን እየለጠፉልኝ ነው። ቤት ቀለም ሲቀባ ባለቤቱ ለጊዜው ደጅ ይወጣ የለ? እንደዚያ ነው።

[እታለም መርፌዋን ትቀጥላለች። ሊቁ ስልኩን እያየ ይጠብቃል። የእታለም ስልክ ያቃጭላል። መነጽሯን አድርጋ ታነባለች። ቀና ብላ ወንድሟን ታየዋለች። እንደገና ታነባለች።]

እታለም፦ የት ነህ?

ሊቁ፦ ምን ማለት ነው?

እታለም፦ አሁን የት ነው ያለኸው?

ሊቁ፦ ፊትሽ ነኛ!

እታለም፦ እዚህ ላይ ግን ሆስፒታል ነህ።

ሊቁ፦ ማነው ያለው?

እታለም፦ አንተ! ስምህ ነው፣ ፎቶህ ነው፤ ያ ፍሪጅ ተደግፈህ የተነሣኸው። «መኪና ገጭቶኝ ሆስፒታል ገብቻለሁ። መናገር ስለማልችል አትደውሉ። በዚህ ቁጥር ቶሎ ገንዘብ ላኩልኝ» ትላለህ።

ሊቁ፦ [ስልኳን ነጥቆ ያያል] እኔ አልጻፍኩም!

እታለም፦ እግርህን ነው የገጨህ ወይስ ጭንቅላትህን?

ሊቁ፦ አትቀልጂ! ማነው በስሜ... [ድምፁ ይሞታል። ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።] ስድስቱ ቁጥር።

እታለም፦ ስድስቱ ቁጥር።

ሊቁ፦ በገዛ አፌ።

እታለም፦ «ጌታዬ» እያልክ።

ሊቁ፦ ይሄ ሰው አሁን የኔን ስም ለብሶ... ደንበኞቼ በሙሉ አሉ። አጎታችን አለ። አማቴ አለች!

[እታለም መርፌዋን የትራሱ ልብስ ላይ ትሰካለች። ቀልዱ ከፊቷ ጠፍቷል።]

እታለም፦ እማዬ።

ሊቁ፦ የደም ግፊት አለባት። መልእክቷን የምታነብላት ጎረቤቷ ናት። «ልጅሽን መኪና ገጨው» ብላ ስታነብላት...

እታለም፦ ደውልላት።

ሊቁ፦ በየቱ ልደውል? ይሄ ያንቺ ነው፣ የኔ የታለ?

እታለም፦ አምጣው። [በራሷ ስልክ ትደውላለች] ሃሎ፣ እማ! ቆይ፣ እማ፣ ስሚኝ። አልተገጨም። እዚህ ነው፣ ፊቴ ተቀምጧል። እግሩም እጁም አለ። አልደበቅኩሽም፣ በሞትሽ! ይኸው እሱኑ ስሚው። [ስልኩን ትሰጠዋለች] ድምፅህን ካልሰማች አታምንም።

ሊቁ፦ እማዬ... ደህና ነኝ። ኧረ ውሸት ነው። ሌባ ነው እማዬ፣ አታልቅሺ። እ? አልበላሁም እስካሁን። እሺ። እሺ እማዬ፣ እበላለሁ። [ስልኩን ይመልስና ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል] በሩ ላይ ደርሳ ነበር። በአንድ እግሯ የቤት ጫማ፣ በአንዱ የውጪ ጫማ አድርጋ።

እታለም፦ አይዞህ፣ ተርፋለች። አሁን ማልቀስ የለም። ስልክህን ያዝ። መልእክቱ ላይ በራስህ ቁጥር እንደገና ግባ። አዲስ ኮድ ይልኩልሃል።

ሊቁ፦ ኮዱን ለማን ነው የምነግረው?

እታለም፦ ለማንም! አንተው ራስህ እዚያው ላይ ጻፈው! አንተ ስትገባ እሱ ይወጣል።

ሊቁ፦ ይሄን በምን አወቅሽ?

እታለም፦ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ባለፈው ሳምንት ቁርጥ እንዲህ ሆና፣ እዚሁ አንተ የተቀመጥክበት ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ነበር። ያስመለሰችውም እንዲህ አድርጋ ነው። እኔ መርፌዬን ይዤ ስቀመጥ ሰው ሁሉ ያወራኛል። እኔ እሰማለሁ።

ሊቁ፦ ታዲያ ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም?

እታለም፦ መቼ ቀዳዳ ሰጠኸኝ? አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልክ!

[ሊቁ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። እታለም ትደውላለች።]

እታለም፦ ሃሎ፣ አጎቴ! የት ነዎት? ባንክ ቤት? [ወደ ሊቁ] ሰልፍ ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ሁለት ሰው ነው የቀረው። [ወደ ስልኩ] አጎቴ፣ ይውጡ። ከሰልፉ ይውጡ! አልታመመም። ደህና ነው። ሐሰተኛ ነው የጻፈው። ምን? ኧረ ሰልፍ የያዙበት ጊዜ አይቆጭዎት፣ ገንዘቡ ይሻላል! እሺ አጎቴ። [ትዘጋለች] ተቆጥተዋል። «ሳይታመም ለምን ያሳምመኛል» አሉ።

ሊቁ፦ ገባሁ! እታለም፣ ገባሁ! የኔው ሆነ!

እታለም፦ ተመስገን። በል «ተጨማሪ መቆለፊያ» የሚለውን ፈልገህ ሌላ የምስጢር ቁጥር ጨምርበት። ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ያቺን ካላወቀ አይገባም። ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ እንደሆነም አስወጣው። ከዚያ ለሁሉም «ያ እኔ አይደለሁም፣ ምንም እንዳትልኩ» ብለህ ጻፍ።

ሊቁ፦ [እየጻፈ] ለአማቴስ ማን ይደውል?

እታለም፦ እኔ እደውላለሁ። [ትደውላለች] ሃሎ፣ እንደምን ዋሉ እናቴ? ስለ ልጃችን የደረሰዎት መልእክት ውሸት ነው ልልዎ... እ? [ታዳምጣለች፤ ከንፈሯን ትነክሳለች] እነግረዋለሁ። ደህና ይዋሉ።

ሊቁ፦ በጣም ደነገጠች?

እታለም፦ «ለጥገና የወሰደውን ፍሪጄን መልሶ ቢገጭ ምን ነበረበት?» ብለው ገንዘቡን ሳይልኩ ተቀምጠዋል።

ሊቁ፦ ይገባኛል። ዛሬ የመጣው ሁሉ ይገባኛል። ሰማያዊ ምልክት አገኛለሁ ብዬ ስሜን ልሸጠው ነበር።

እታለም፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ። ግን ተው፣ ያንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። ሌባው ልክህን ለክቶ ነው የመጣው። እኔን በመኪና ሞከረኝ፣ መኪና አያምረኝም። አንተን በምስጋና ለካህ፣ ልክክ አለብህ።

ሊቁ፦ ሰው አመሰገነኝ ብዬ ነው እኮ፣ እታለም። ፍሪጅ ሲበርድ ማንም «ጎበዝ» አይለኝም፤ ሳይበርድ ሲቀር ብቻ ነው ስሜ የሚጠራው።

[እታለም ከምሳ ሳህኗ ላይ ክዳኑን አንሥታ ወደ እሱ ትገፋለታለች።]

እታለም፦ ጎበዝ ነህ። ብላ።

[አንድ ሁለቴ እንደጎረሰ የእታለም ስልክ ይጠራል።]

እታለም፦ ሚስትህ ናት!

ሊቁ፦ [ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀርቶ] ወይኔ! እሷን ረሳናት! እያለቀሰች ነው?

እታለም፦ ሃሎ፣ የኔ ሆድ! አዎ፣ እዚህ ነው፣ እየበላ ነው። [ወደ ሊቁ] እየሳቀች ነው።

ሊቁ፦ እየሳቀች?

እታለም፦ መልእክቱ ሲደርሳት ልብስ እያሰጣች ነበር። አይታው ስልኩን ኪሷ ከታ ማስጣቷን ቀጠለች። ከመጀመሪያውም አላመነችም።

ሊቁ፦ [ቀና ይላል፤ ደረቱ ትንሽ ይመለስለታል] አየሽ! እሷን ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ! በምን እንዳወቀች ጠይቂልኝ። ገንዘብ የሚላክበት ቁጥር የኔ ስላልሆነ ነው? ወይስ የሆሄ ስህተት አግኝታበት ነው?

እታለም፦ በምን አወቅሽ ይልሻል። [ታዳምጣለች። የትራሱን ልብስ አንሥታ አፏ ላይ ትይዛለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።]

ሊቁ፦ ምን አለች?

እታለም፦ ይቅርብህ።

ሊቁ፦ ንገሪኝ እንጂ!

እታለም፦ ለእሷ የጻፈላት ረዘም ይላል አሉ። መጨረሻው ላይ «ምን እንደማደርግ አላውቅም» ይላል። «አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ባሌ ‹አላውቅም› ሲል አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። እዚያች ላይ ስደርስ ሌላ ሰው መሆኑን አወቅኩ» ነው የምትለው።

[ሊቁ ሳህኑን ያያል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ጫማውን ያያል።]

እታለም፦ መስመር ላይ ናት፣ እየጠበቀች ነው። ምን ልበላት?

ሊቁ፦ [በጣም ቀስ ብሎ] እኔ እንጃ... አላውቅም።

[እታለም መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ከእግሩ እስከ ራሱ በጥርጣሬ ታየዋለች። ስልኩን ወደ አፏ ታስጠጋለች።]

እታለም፦ [በሹክሹክታ] የኔ ሆድ፣ ልብሱን ተዪውና ቶሎ ነይ። እዚህ የተቀመጠውም ባልሽ አይመስለኝም።